ጥጡን በልተው ናይለኑን ተዉት

«እማዬ፣ ሻጋታው ግድግዳችንን የሚበላው ሌላ ምግብ አጥቶ ነው?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ የወተት ጥርሷ ገና አልረገፈም ነበር። «ተኚ፣ ደረትሽ ይረፍ» አልኳት። የምንኖርበት ክፍል ከጀርባው የጋራ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ስለነበረ አንዱ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ዝናብ ሲመጣ ከአልጋችን ራስጌ በላይ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይወጣል፤ የልጄም ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ማፏጨት ይጀምራል። ሐኪሙ «ሻጋታውን ከቤትሽ አጥፊ» ብሎኝ ነበር። በበረኪናና በብሩሽ እፍቀዋለሁ፣ የጣቶቼ ቆዳ እስኪላጥ። እሱ ግን ሸኝተውት ሳይጨርሱ ኮፍያ ረሳሁ ብሎ እንደሚመለስ እንግዳ ነው።

እኔ ስፈቅ ልጄ ታየው ነበር። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የወደቀውን የአባቷን ቀበቶ አወጣችና «እይ እማዬ፣ ቆዳውን በልቶ ዘለበቱን ትቶታል» አለችኝ። «የመጋረጃውን ጠርዝ ወዶታል። የዝናብ ልብሴን ግን ጫፉንም አልነካም። ይሄ ነገር ምርጫ ያውቃል።»

«ምርጫውን ሌላ ቤት ሄዶ ያድርገው» አልኳት።

አድጋ ተምራ በአፈር ምርመራ ጣቢያ ሥራ አገኘች ሲሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አፈር ሲባል የታየኝ ችግኝና ንጹህ አየር ነበር። አንድ እሑድ የነጭ ጋውኗን ጠርዝ ልጠግን ስገለብጠው ኪሱ ላይ አረንጓዴ ብናኝ አየሁ። ያንን አረንጓዴ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈንገስ ነው። እኛ ጋ እናሳድገዋለን።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስገድለው የኖርኩትን አንቺ ታሳድጊዋለሽ?»

«መቼ ገደልሽው እማዬ? በየዓመቱ ይመጣ አልነበር?»

«አፈር ስሆንልሽ ይሄን ሥራ ተዪው።»

«አፈር ከሆንሽማ ሥራዬ አንቺው ላይ ሊሆን ነው» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ጆሮዬ ሳቋ ላይ አልነበረም፤ ከሳቋ በኋላ የሚመጣውን ትንፋሽ ነበር የማዳምጠው። ንጹህ ነበር። ቢሆንም አላመንኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አደርሳለሁ እያልኩ ጣቢያው በር ላይ መመላለስ ያዝኩ። ምሳው ሰበብ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሁሉም «ዶክተር» የሚሏቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን ከኋላዬ መጥተው የልጄን ጋውን ጠርዝ እያሳዩ «እናቴ፣ ይህን የሰፉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እኛም የሚሰፋ ነገር አለን። እዚያው ተቀምጠው ልጅዎንም ይጠብቋታል።» እኔ ያኔ በማታው ትምህርት ፊደል ገና መቁጠሬ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊቴን አንዴ አይተው አነበቡት።

ክፍሉ ረጅም ነው። በአንድ በኩል አፈር የያዙ ላስቲኮች የተደረደሩበት መደርደሪያ፣ በሌላው ሙቀቱ የማይለዋወጥ ብረት ቁም ሳጥን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፊቱ መስታወት የሆነ ሣጥን አለ። ሻጋታ ያለባቸው ሳህኖች የሚከፈቱት እዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል ተባልኩ። ተባልኩ ብዬ አልተቀመጥኩም። ከመቀነቴ አንድ ክር መዝዤ ሣጥኑ አፍ ላይ ያዝኩት። ክሩ ወደ ውስጥ ዘመመ። ያን ቀን ትንሽ ተንፈስ አልኩ። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ አጠገብ አኖሩልኝ፤ ከዚያ ሆኜ የልጄ ጭምብል ከአፍንጫዋ ዝቅ ሲል ይታየኛል።

«ጭምብልሽ።»

«አድርጌያለሁ እማዬ።»

«አገጭሽ አይተነፍስም።»

ሥራው የልጄ ነበር፤ ለብቻዋ የተሰጣት የመጀመሪያው። ቀዳዳው እንደ ዱቄት ወንፊት ከጠበበ የናይለን መረብ መዳፍ የሚያህል ከረጢት ይሰፋል። አንዱ ከረጢት ጭድ፣ አንዱ ሰጋቱራ፣ አንዱ የባቄላ ቅጠል፣ አንዱ ሱፍ፣ አንዱ ከፀጉር አስተካካይ ቤት የመጣ ፀጉር ይገባበታል። ይመዘናል፣ ይሰፋል፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለው መደብ ይቀበራል። ዝናቡ ሲያልፍ ወጥቶ እንደገና ይመዘናል። የጎደለው የተበላው ነው። ልጄ ይህን በደንብ ካጠናቀቀች ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ከተበላሸ ውሏ እዚያ ላይ ያበቃል። ይህን ራሷ ነገረችኝ። እኔም በልቤ «ይበላሽና ወደ ቤቷ ትመለስ» አልኩ። እናት እንዲህ ታስባለች ወይ ብሎ የሚፈርድ ልጁ ስትታፈን ሌሊቱን ይቁጠርና ይፍረድ።

አንድ ቀን ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አስደገፈችኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥሎ በብርሃን መሃል አንድ የጭድ ስንጥር ታየኝ፤ ከማውቀው ክር ሁሉ የቀጠነ ክር በላዩ ተዘርግቶበታል። ሹካ ሹካ እየሆነ ይከፈላል፣ ቋጠሮ ግን የለውም።

«አፉ የት ነው?»

«አፍ የለውም።»

«ታዲያ በምን ይበላል?»

«በመላ አካሉ። እኛ ምግቡን ወደ ውስጥ አስገብተን ነው የምንፈጨው። የሱ ሆዱ ውጭ ነው በይው። ምግቡ ላይ ይጋደምና የሚያሟሟ ፈሳሽ ያፈስበታል፤ የሟሟውን ይመጠዋል። ከዚያ ጫፉ ትንሽ ያድግና ወደሚቀጥለው ይሄዳል።»

«ምግቡ ላይ ይኖራል ማለት ነው።»

«ውስጡ ይኖራል። ቤቱን እየበላ ነው የሚኖረው።»

እንደገና አየሁት። ሳልፈልግ እጄ ደረቴ ላይ ሄደ። እኔ ግድግዳዬ ላይ የማውቀው እድፍ ነበር፤ ይህ ግን ሥራ ላይ ያለ ነገር ነው። ችኮላ የለውም። የጭዱን ቃጫ ተከትሎ፣ እንደ ጥሩ ሰፊ ጨርቁ የሚሄድበትን አቅጣጫ አይቶ ነው የሚሄደው።

ሁሉም ሁሉን እንደማይበላም ነገረችኝ። አዲስ ቅጠል ሲወድቅ ቀድመው የሚደርሱት ጣፋጩን የሚወዱ ናቸው፤ ቶሎ ያድጋሉ፣ ጣፋጩ ሲያልቅ ቶሎ ይጠፋሉ። ከነሱ በኋላ ቃጫውን የሚፈቱ ይመጣሉ። እንጨቱን እንጨት ያደረገውን ጠንካራ ነገር መክፈት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ መጨረሻ ላይ ደርሰው ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ቀሚሷ ሲያረጅ የልጅ ሸሚዝ ታወጣበታለች፤ ሸሚዙ ሲያልቅ የትራስ ልብስ፤ በመጨረሻ የወለል መወልወያ ይሆናል። የሚጣል ነገር አልነበራትም። አፈርም የሚጥለው ነገር የለውም፤ ለየዕድሜው የሚቀበለው አለ።

«ፀጉርንስ?» አልኳት።

«ፀጉርና ጥፍር ብቻ ቢሰጡት የሚኖር አለ። ባይኖር ኖሮ ምድሪቱ በፀጉር ትሸፈን ነበር።»

መደቡን የሚቆፍረው ሰውዬ ጭቃ ጫማውን በር ላይ እየጠረገ ሰማን። አናቱ እንደ ሳህን የሚያበራ ስለሆነ «በራው» ነው የሚባለው፤ ራሱም ስልክ ሲያነሳ «በራው ነኝ» ይላል። ባርኔጣውን አወለቀና «የኔን ማን እንደጨረሰው ዛሬ ገና ገባኝ» አለ። «እትዬ፣ ያን ማጉያ መስታወት አቀብዪኝ፤ ምናልባት የቀረ ካለ ልጠይቀው።»

ከረጢቱን መስፋት እንደ ጀመርኩ ጣጣ መጣ። የተሰጠኝ የናይለን ክር ነበር። ያሙለጨልጫል፣ መኪናዬ ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ስፌቱን ጠበቅ አድርጌ ስስበው ቋጠሮው ራሱን ይፈታል። ሰጋቱራው በተፈታው ስፌት እንደ ዱቄት ይወርዳል። እኔ በሥራዬ አላፍርም። ለካፖርት የማስቀምጠውን፣ ሰም የጠጣውን ጠንካራ የጥጥ ክሬን ከቤት አመጣሁና ድርብ አድርጌ ሰፋሁ። ለልጄ አሳየኋት። በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«በስመ አብ፣ ይሄማ ከኛም በኋላ ይኖራል» አለች። «በዚሁ ቀጥዪ።»

ቀኑን ሙሉ ፈንገስ ምን ይበላል፣ ምን ይተዋል ስንባባል የምንውል ሁለት ሰዎች፣ ጥጡ ምግብ መሆኑን ሁለታችንም ረሳነው። እሷ ከረጢት ውስጥ ያለውን ታያለች፤ እኔ ስፌቱን አያለሁ። ክሩ እኔ ዘንድ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ይበላል ብሎ ማን ያስባል?

ምልክቱን እንኳ አስበንበታል። በየከረጢቱ አንገት ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ላስቲክ አሰርን።

«በወረቀት ብትጽፊው አይቀልም?» ብያት ነበር።

«ወረቀት ይበሉታል።»

«የኔንም ደብተር?»

«አፈር ውስጥ ከቀበርሽው።»

«አንዳንድ ማታ መቅበሩ ያምረኛል» አልኳት።

ከረጢቶቹ ተቀበሩ። ዝናቡ ዘነበ፣ አባራ። የማውጫው ቀን በራው በአካፋ ሳይሆን በእጁ ነው አፈሩን የገፈፈው፣ መረቡ እንዳይቀደድ። የመጀመሪያውን አንስቶ አገላበጠው። ሁለተኛውን አነሳ። በራው ሳይቀልድ ሲቀር የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ልጄ ተጠጋች፤ እኔም ከኋላዋ።

መረቡ እንደ ተሰጠን አለ። ስፌቱ ግን ከብዙዎቹ ጠፍቷል። የባቄላ ቅጠሉ ከረጢት እንደ ተከፈተ አፍ ሆኖ፣ የተረፈው ቅጠል ከአፈሩ ጋር ተለውሶ ይታያል። የጭዱም ጎኑ ተከፍቷል። ምን ያህል እንደተበላና ምን ያህል እንደፈሰሰ ከእንግዲህ የሚለይ ሚዛን የለም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነው የማውቀው» አለ በራው ቀስ ብሎ። «ይሄ ድር ግን ማሰሪያውን በላው።»

ልጄ አፈሩ ላይ ቁጢጥ አለች። አላለቀሰችም። አንዱን ባዶ ከረጢት እያገላበጠች «ጥጥ ነው» አለች። «ጥጥ ነው። እንዴት ሳላስበው።»

የተመኘሁት እጄ ገባ። ዶክተር ከሰዓት በኋላ ከስብሰባ ይመለሳሉ፣ ያያሉ፣ ልጄ ጋውኗን አጥፋ ወደ ቤት ትመለሳለች። ከሻጋታ ተለየች ማለት ነው። አስቤ ጨረስኩትና ደስታውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ያየሁት ያቺን የቀበቶ ዘለበት ይዛ «ይሄ ነገር ምርጫ ያውቃል» ያለችኝን ልጅ ነው። የዚያን ጊዜ በበረኪና ዝም አሰኝቻት ነበር። አሁን ደግሞ በክሬ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ክሩ የኔ ነው።»

«ተዪ እማዬ። ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከረጢቶቹን በትሪ እየደረደርን ወደ ክፍሉ አስገባን። እጄ ሥራ ሲፈታ ስለማልወድ በየመረቡ ጠርዝ የቀረውን ክር እየመዘዝኩ በሁለት ጣቶቼ እስበዋለሁ፤ ክር ያረጀ እንደሆነ የምናየው እንዲሁ ነው። የባቄላ ቅጠሉ ከረጢት ክር ሳልስበው ተበጠሰ፣ እንደ ራሰ ወረቀት። የጭዱ ትንሽ ታገለኝ። ከዚያ አንዱን ብስበው ብስበው እምቢ አለ፤ ጣቴን ቆረጠኝ።

ልጄ ቀና አለች። «ያንን እንደገና ሳቢው።»

ሳብኩት። ጢን አለ።

«ከየትኛው ከረጢት ነው?»

ላስቲኩን ከጭቃው ጠረግሁ። አይኔን ጠበብ አድርጌ «ሰ… ጋ… ቱ… ራ» አልኩ። ከትምህርት ክፍል ውጭ ለሥራ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። እሷ ግን ማንበቤን ልብ አላለችም፤ ሌላ ትሪ እያመጣች ነበር።

ክሩን ሁሉ መዝዘን በየስሙ ደረደርነው። ካንድ ጥቅል የወጣ፣ ባንድ እጅ የተሰፋ፣ ባንድ ቀን የተቀበረ ክር ነው። የሚለያየው ጎረቤቱ ብቻ ነው። ባቄላ ቅጠል አጠገብ የነበረው ሁሉ አልቋል፤ ሰጋቱራ አጠገብ የነበረው ካፖርት ይሰፋበታል።

«ሰጋቱራው ውስጥ ፈንገስ አልገባም ማለት ነው?» አልኳት።

«ገብቷል። ይኸው ነጩ። ግን ተርቧል።»

«እንጨት ሞልቶለት?»

«እንጨት ብቻውን አያሳድገውም። አካሉን የሚሠራበት ናይትሮጅን የሚባል ነገር ያስፈልገዋል፤ እንጨት ውስጥ ከስንት አንድ ነው። ጥጥም የለውም። የባቄላ ቅጠል ግን አለው። ቅጠሉ አጠገብ ያለው ፈንገስ ጠግቦ ጉልበት አገኘ፤ ጥጡንም ጨረሰው።»

«ዳቦ ሞልቶ ጨው የጠፋበት ቤት» አልኩ።

«እንደዚያ።» ከዚያ አንዱን የሰጋቱራ ከረጢት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከአንድ የባቄላ ከረጢት ጋር ተጣብቆ የወጣ ነው። በሁለቱ መሃል የፈንገሱ ነጭ ክሮች፣ አንዳንዱ ተጎንጉኖ እንደ ጅማት የወፈረ፣ ከዚህኛው ወደዚያኛው ተሻግረዋል። በተሻገሩበት በኩል ሰጋቱራው ጠቁሮ ለስልሷል፣ የስፌቱ ክርም ላልቷል። በሌላው በኩል ሰጋቱራው ደረቅ ነው፣ ክሩም ጠንካራ።

«ከቅጠሉ ወስዶ ለእንጨቱ አመጣለት» አለች ቀስ ብላ። «በገዛ አካሉ ውስጥ አሳልፎ።»

ከጎረቤት ጨው ተበድሮ የማያውቅ ቤት የለም፤ በጭለማ ውስጥ፣ ያለ ዓይንና ያለ እጅ፣ መንገዱን ራሱ ሆኖ ጨው የሚያመጣ ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በብሩሽ ስፍቀው ምን እንደምፍቅ አላውቅም ነበር።

ዶክተር መጡ። ትሪዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዩ፣ አልተቀመጡም።

«ጥጥ ክር የመረጠ ማን ነው?»

«እኔ» አልን፣ እኔም ልጄም እኩል።

«ለመዋሸት እንኳ አልተማከራችሁም» አሉ። ከዚያ ልጄ የክሩን ነገር አስረዳቻቸው፣ ትሪዎቹን አንድ በአንድ እያስጠጋች። እሳቸውም የባቄላውን ሳብ አደረጉ፣ የሰጋቱራውንም። ጣታቸውን ሲቆርጣቸው ፈገግ አሉ።

«አፈር ምን ያህል እንደሚበላ ለማወቅ የጥጥ ጨርቅ አስበው የሚቀብሩ አሉ» አሉ። «እኛ ሳናስበው ቀብረናል። ይሄ መደብ ግን ተበላሽቷል፤ ሚዛኑን ለማንም አላሳየውም። አንድ መደብ አንድ ወሬ ነው። ይህ እውነት ከሆነ በሌላ አፈርም ይታይ።» ልጄን አዩዋት። «በወንዙ ማዶ ያለው ጣቢያ ሰው ይፈልጋል። ውልሽ እዚያ ይቀጥላል። በሁለቱም ክር ታሰፊያለሽ፣ ጎን ለጎን ትቀብሪያለሽ። መኖሪያሽም እዚያው ይሆናል።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ሩቅ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ሆኜ ጭምብሏ የማይታየኝ ቦታ ነው።

«አፈር ስሆንልሽ…» አልኩና «ተዪው» የሚለውን ትቼ ከመቀነቴ አንድ ክር መዝዤ ሰጠኋት። «ማራገቢያው መሳቡን በክር እያየሽ ክፈቺ» አልኩ።

ከመሄዷ በፊት የነበረውን ማታ ቤት ጓዟን ስናሰናዳ ከራስጌያችን በላይ ያለው ያ ግድግዳ እንደ ልማዱ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ብሩሹን አነሳሁ፣ ከዚያ ቆም አልኩ።

«እውነት ግድግዳውን ነው የሚበላው?» አልኳት። «አንቺ ነበርሽ የጠየቅሽኝ።»

ጠጋ ብላ አየችው። «ሲሚንቶውን አይበላም። የቀለሙን ሙጫ፣ አቧራውን፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን የሳሙና እድፍና የእጃችንን ቅባት ነው።»

«እኛን ነው በይኛ።»

«ከኛ የቀረውን።»

ፈቅኩት፤ ደረቷ ያው ደረቷ ነው። ስፍቀው ግን አልረገምኩትም።

ጠዋት በራው ሻንጣዋን እስከ መኪናው ተሸከመላት። ለጓዟ ሁለት ጥቅል ክር ጨመርኩ፣ አንዱ ናይለን፣ አንዱ ጥጥ፣ በየላያቸውም በራሴ እጅ ስማቸውን ጻፍኩባቸው። ከዚያ ወደ ረጅሙ ክፍል ተመልሼ መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ፤ ለሚቀጥለው መደብ የሚሰፉ ከረጢቶች ነበሩ። ሻጋታ ፍለጋ የመጣችው ልጄ ሄደች፤ ከሻጋታ ላወጣት የመጣሁት እኔ ቀረሁ።